ሻንጣ የሌላት መንገደኛ

«ሹራቡን ከታች አታድርጊው» አለች መሊካ። «መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ እሱ ነው።»

ሲንቄ ሹራቡን ከቦርሳው መልሳ ጎተተችና ጭኗ ላይ ዘረጋችው። የነጌሌ የቀትር ፀሐይ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያንቋቋዋል፤ በሩን ደግሞ ራሷ ሲንቄ ዘግታዋለች። ላብ በአንገታቸው እየወረደ ስለ ብርድ ማውራታቸው ሁለቱንም አሳቃቸው።

«እውነት ያን ያህል ይበርዳል?»

«ፍሪጅ ውስጥ እንደ መቀመጥ ነው። ብርድ ልብስ ያድላሉ፤ ግን ስስ ነው። እግርሽን ስትሸፍኚ ትከሻሽ ይቀራል።»

መሊካ ይህን የምትናገረው ከሰው ሰምታ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ልቧ ታሞ፣ የከተማው ሰው ተረባርቦላት፣ ከአባቷ ጋር ሕንድ አገር ሄዳ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ተመልሳለች። ከክፍላቸው ልጆች አውሮፕላን የተሳፈረችው እሷ ብቻ ናት። ትምህርት ቤት ውስጥ «ሕንዷ» ይሏታል። መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ ሲሏት ታለቅስ ነበር፤ አሁን ግን ስለ ደመናና ስለ መስኮት ዳር ወንበር የሚጠይቃት ሰው ስታገኝ ደስ ይላታል።

ሲንቄ ከእሷ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት። ገጠር ተወልዳ ትምህርት ዘግይታ ስለጀመረች በዕድሜ ትበልጣታለች፤ አሥራ ስምንት ሊሞላት ነው። ድርቁ ከብቶቻቸውን ከፈጀ በኋላ ከእናቷ ጋር ከተማ ገብታ፣ እናቷ የግመል ወተት እየቸረቸሩ ነው የሚኖሩት። በዚያ ሳምንት መጀመሪያ፣ እረፍት ላይ፣ ሲንቄ መሊካን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወስዳ ምስጢሯን ነገረቻት። ዱባይ ልትሄድ ነው። የአጎቷ ልጅ ሌንጮ ሥራውንም ቪዛውንም ጨርሶላታል። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ትነሳለች። እናቷ መርቀዋታል። ብቻ ወሬ ከወጣ ነገሩ ሊበላሽ ስለሚችል መሊካ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። «በልብሽ ማይልኝ» ብላ አስማለቻት፤ መሊካም በዚያ በተሰፋ ልቧ ማለች።

ስለዚህ አሁን የእጅ ቦርሳውን የምታሰናዳላት እሷ ናት። ኮራ ብላለች። መድኃኒት ምንጊዜም በእጅ እንጂ ሻንጣ ውስጥ እንደማይገባ ነገረቻት። እነሱ ሕንድ የደረሱ ቀን ሻንጣቸው አብሯቸው አልመጣም ነበር፤ የልቧ ኪኒን በእጅ ቦርሳዋ ባይኖር ጉዳቸው ይፈላ ነበር። የሲንቄ የአስም መተንፈሻም እጇ ቶሎ በሚደርስበት የጎን ኪስ ገባ። ማስቲካው ለጆሮ ነው፤ አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ ጆሮ ይደፈናል፣ ማኘክ ይከፍተዋል። ቫዝሊኑ ለከንፈር ነው፤ እዚያ ላይ አየሩ ያደርቃል። ቅያሪ ልብስ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የማያጠብቅ ካልሲ። ደግሞ በየመሃሉ እየተነሳች መተላለፊያው ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት አለባት። የመሊካ አባት ሰው እንዳይረብሽ ብሎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ከወንበሩ ንቅንቅ ሳይል ነበር የሄደው። ሲደርሱ እግሩ አብጦ ጫማው እምቢ አለው፤ ያ ትልቅ ሰውዬ የሕንድን ምድር የረገጠው የጫማውን ተረከዝ ደፍጥጦ እየጎተተ ነው።

«አንቺ ክሩን ፈታ አድርጊው እንጂ ጫማሽን እንዳታወልቂ» አለቻት።

ሲንቄ ትስቃለች፤ ግን አንድ ጆሮዋ በሩ ላይ ነው። የውጪ ኮቴ በተሰማ ቁጥር እጇ ባለበት ይቆማል።

«ውሃስ?» አለች በመጨረሻ።

«ባዶ ሃይላንድ ያዢ። ፍተሻውን ካለፍሽ በኋላ ትሞይዋለሽ። ከተሞላ ይቀሙሻል፤ የእኛን ቆሻሻ ውስጥ ነው የወረወሩት።»

ሲንቄ ከአልጋው ሥር ጥቁር ፌስታል ጎትታ አወጣችና፣ ሳትወድ እንደምታሳይ ሰው፣ አፉን ከፈት አደረገችው። እስከ አፋቸው የተሞሉ ሁለት ትልልቅ ሃይላንድ ውሃ አለ። በላስቲክ የተቋጠረ በሶ አለ። ሸራ ጫማ፣ ባለ ኮፍያ ጥቁር ጃኬት፣ መሬት ላይ የሚነጠፍ የተጣጠፈ ላስቲክ።

መሊካ ሳቋ መጣ። «በሶ? እዚያ እኮ ምግብ ይሰጣሉ። ሌንጮ ሙድ እየያዘብሽ ነው።»

«እሱ ነው ያዘዘኝ» አለች ሲንቄ፤ እሷ አልሳቀችም። «ብዙ ጊዜ በርሯል። ቦርሳው ጀርባ ላይ የሚታዘል ይሁን፣ እጅሽ ባዶ ይሁን ብሏል። ደማቅ ልብስም አትልበሺ ብሏል።»

«ደማቅ ልብስ ምን ያደርጋል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ሻንጣሽስ የታል?»

«ሻንጣ የለም። ይኸው ነው።»

መሊካ ቦርሳውን አየችው። ለዓመታት የሚሄድ ሰው ለአንድ አዳር እንደሚሄድ ሰው ተሰናድቷል። ፓስፖርቷን እንድታሳያት ጠየቀቻት፤ ሌንጮ ዘንድ ነው፣ የሚሰጣት ሜጋ ላይ ነው አለች። ይህን ብላ ሳትጨርስ የሲንቄ እናት አዴ ኢቢሴ ከግቢው በር ተጣሩ። ሲንቄ ፌስታሉን በእግሯ ገፍታ አልጋው ሥር ከተተችው።

አዴ ኢቢሴ ባዶ ቢጫ ጀሪካኖች አንጠልጥለው ገቡ። «አካም ኢንታላኮ» አሉ፤ መሊካን ሁልጊዜ «ልጄ» ብለው ነው የሚጠሯት። ቦርሳውን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። «ሹራብ እንዳትረሱ፤ እዚያ ብርድ ነው አሉ።»

መሊካ «እንደ ፍሪጅ ነው» ልትላቸው አፏን ስትከፍት ሲንቄ ከኋላ ጎኗን ቆነጠጠቻት። የምር ቁንጥጫ ነበር። መሊካ አፏን ዘጋች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ጎኗን እያሸች የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እናትየው የሚያውቁ ከሆነ ምን የሚያስቆነጥጥ ነገር አለ?

ደግሞም ሜጋ። ከነጌሌ ወደ ቦሌ የሚሄድ ሰው በአዶላ በኩል ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ሜጋ ወደ ታች ነው፣ ወደ ኬንያ ድንበር። አውሮፕላን ሊሳፈር ጀርባውን ለአውሮፕላኑ ሰጥቶ የሚሄድ ሰው አይታ አታውቅም።

በማግስቱ ሌንጮ ራሱ ሊያያት ፈለገ። ከትምህርት ሲወጡ ሲንቄ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ጁስ ቤት ይዛት ሄደች። ሌንጮ ሃያዎቹን ያጋመሰ፣ ፈገግታ የማያልቅበት ልጅ ነው። የነጌሌ ቀይ አቧራ የሁሉንም ሰው ጫማ ሲያቀላ የእሱ ነጭ ስኒከር ነጭ እንደሆነ ነው። «ናጋ?» ብሎ ሰላምታ ሰጣት፤ አቮካዶ ጁስ አዘዘላቸው። ለሲንቄ ስለምታደርገው ሁሉ አመሰገናት። ምስጢር የሚችል ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል አለ።

መሊካ ጠየቀችው። በየትኛው አየር መንገድ ነው የምትሄደው? ጥሩ አየር መንገድ ነው አላት። ስንት ሰዓት ይፈጃል? እንቅልፍ ወስዷት ስትነቃ ትደርሳለች አላት። ያየው ዱባይ ምን ይመስላል? ፎቅ በፎቅ ነው አለ። መልሱ ሁሉ በሳሙና እንደታሸ እጅ ነው፤ ልትይዘው ስትል ያመልጣታል። የጁሱን ማማሰያ ለጥቂት ጊዜ ብርጭቆው ውስጥ አዞረችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ፍተሻው ጋ ሳይሆን አውሮፕላኑ በር ላይ፣ ስንገባ፣ ጫማችንን አስወልቀው በፌስታል ያስይዙን የለ? ለሲንቄ ብነግራት አላመነችኝም።»

ሌንጮ አላመነታም። «ልክ ነሽ» አለ። «ወለሉ ምንጣፍ ነው። አዲስ ሰው እዚያ ጋ ይደናገራል፤ እኔ ግን ለምጄዋለሁ።»

መሊካ ቀና ብላ ሲንቄን አየቻት። ትናንት «ጫማሽን እንዳታወልቂ» የተባለችው ራሷ ሲንቄ ናት። የአባቷን ያበጠ እግር ሰምታ ስትስቅ የነበረችው ራሷ ናት። አሁን ግን ዓይኗን ከብርጭቆው አላነሳችም። መሊካን ያስደነገጣት የሌንጮ ውሸት አልነበረም፤ እሱንስ ጠርጥራዋለች። ያስደነገጣት የሲንቄ አለመደንገጥ ነው።

ሌንጮም የሁለቱን ዝምታ አየ። ፈገግታው ባለበት ቀረ፤ ዓይኑ ግን አብሮት አልቀረም። ወደ መሊካ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልብሽ የታመመ ነው አሉ። ብዙ ነገር አታስቢ፤ ለልብ ጥሩ አይደለም።»

ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ።

ከጁስ ቤቱ ወጥተው በጦር ካምፑ አጥር ጥግ ያለውን መንገድ ይዘው ሄዱ።

«አውሮፕላን ገብቶ አያውቅም» አለች መሊካ።

«ነቄ ብያለሁ» አለች ሲንቄ።

«ታዲያ?»

ሲንቄ ቆመች። አንዴ ከጀመረች በኋላ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወጣችው። አውሮፕላን አለ፤ ግን ከናይሮቢ ነው የሚነሳው። እስከ ሜጋ በመኪና፣ ከዚያ በሌላ መኪና፣ ድንበሩ ጋ ሲደርሱ ትንሽ በእግር፣ ከዚያ ደግሞ በመኪና። ፓስፖርቱ ናይሮቢ ይሠራላታል፤ ስሙ የእሷ ላይሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ለማንም እንዳትናገር ሌንጮ አስጠንቅቋታል። እናቷም አያውቁም። ሻኪሶ ያለችው አክስቷ ሱቅ ልትሠራ የምትሄድ ነው የሚመስላቸው። ብርድ ነው ያሉትም ሻኪሶን ነው።

«ትንሽ በእግር ማለት ምን ያህል ነው?»

«ትንሽ ነዋ።»

«አስምሽስ?»

«መድኃኒቴን ይዣለሁ። አንቺ ራስሽ አይደለሽ በጎን ኪስ ያስገባሽልኝ?»

መሊካ ፊቷ ጋለ። «ቆይ፣ በእግር የምትሄጂ ከሆነ እኔን ስለ ማስቲካና ስለ ካልሲ ምን አስለፈለፈሽኝ?»

ሲንቄ ዓይኗን ወደ አጥሩ አዞረች። «አንቺ ስታወሪው እውነት ይመስለኛል» አለች።

መሊካ ትኩር ብላ ስታያት ሲንቄ የተናቀች መሰላትና ድምፅዋ ተለወጠ። መሊካ ቀንታባት እንደሆነ ጠየቀቻት። «ሕንዷ» የምትባለው እሷ ብቻ እንድትሆን ፈልጋ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«አንቺን ከተማው ሁሉ ነው የላከሽ» አለች። «እናቴ እንኳ ከድርቁ የተረፈችንን ፍየል ሸጣ ሰጥታለች። እኔን ማን ይልከኛል? እኔም እስክታመም ልጠብቅ?»

መሊካ ስለ ፍየሏ አልሰማችም ነበር። ሲንቄ ጥቂት ራመድ ብላ ዞረች። «ምለሽልኛል» አለችና ሄደች።

የመሊካ አባት ሰማታር ጎሚስታ ነው። የሚሠራው ከከተማው መውጫ፣ ወደ ሜጋ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጎማ በተደረደረበት ዳስ ሥር ነው። መሊካ ወደ ቤት አልሄደችም፤ ቀጥታ እሱ ዘንድ ሄደች። የተነፋ ካላማዳሪ በውሃ የተሞላ ጎድጓዳ ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋል። አጠገቡ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠችና፣ ነገሩ እግረ መንገዷን ትዝ እንዳላት ሁሉ፣ ፓስፖርት የሌላቸው ሰዎች ከሜጋ ወደ ናይሮቢ እንዴት እንደሚሄዱ ጠየቀችው።

ሰማታር ከውሃው ዓይኑን ሳያነሳ ነገራት። በሸራ ሥር ነው የሚሄዱት አለ። ባለፈው ዓመት አንድ አይሱዙ ጎማ ፈንድቶበት እዚሁ ቆሞ ነበር። ሽንኩርት የጫነ ነው ተባለ። እሱ ጎማውን ሲፈታ ከላይ ሳል ሰማ። ሸራው ሲገለጥ በጆንያዎቹ መሃል ሰው ተጋድሟል፣ ብዙ ሰው፣ አብዛኞቹ ልጆች። አንዷን አወረዷት፤ ትንፋሽ አጥሯት ከንፈሯ ጠቁሯል። ሰማታር ሐኪም ቤት የሚያደርሳት ባጃጅ ሊፈልግ ሮጠ። ሲመለስ መኪናው የለም። ጎማውን ራሳቸው ገጥመው፣ ልጅቷንም መልሰው ጭነው ሄደዋል። ከሜጋ ወዲያ ደግሞ ኬላ ለማለፍ ጫካ ለጫካ ያስኬዷቸዋል ይባላል፤ ለቀናት።

«ደማቅ ልብስ አትልበሱ ይሏቸዋል?» አለች መሊካ።

ሰማታር አሁን ቀና አለ። እጁ ውሃው ውስጥ እንዳለ አያት። «ማነው የሚሄደው?»

«ማንም። ለጂኦግራፊ ነው።»

እንዲህ ዓይነት ውሸት ለአባቷ ዋሽታ አታውቅም። ሰማታር ለረጅም ጊዜ አያት። «ለጂኦግራፊ ከሆነ ጥሩ» አለ፤ ድምፁ ግን ጥሩ አልነበረም። አላስጨነቃትም። ልትነግረው ስትፈልግ እንደምትነግረው የሚያውቅ ሰው ነው።

ልትነግረውም አሰበች። ግን አባቷ ካወቀ ፖሊስ ጋ ይሮጣል፣ ነገሩ ገበያ ይወጣል፣ የሲንቄ ስም በየወፍጮ ቤቱ ይነሳል። ከማንም በፊት ማወቅ ያለበት ሰው ካለ የሲንቄ እናት ናቸው። መሊካን ግን የያዛት መሐላው ነው። በልቧ ነው የማለችው፤ ያም ልብ የሷ ብቻ አይደለም፣ ከተማው ያዋጣበት ነው፤ አንዲት ፍየልም አለችበት።

ዓርብ በምሳ ሰዓት መሊካ ገበያ ሄደች። የወተት ሻጮቹ መደዳ ጃንጥላና ቁራጭ ሸራ ተዘርግቶበታል፤ ሴቶቹ ከቢጫ ጀሪካኖቻቸው ጀርባ ተቀምጠዋል። እግሯ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ መልሷት ነበር። አንዴ እስከ ጨው ተራ ድረስ ተመልሳ፣ እንደገና መጣች። አዴ ኢቢሴ ከሩቅ አዩዋት።

«ማል ታቴ?» አሏት፤ ምን ሆንሽ ማለታቸው ነው። «ፊትሽ አመድ መስሏል። ልብሽን አመመሽ?»

ደህና መሆኗን ነገረቻቸው። አዴ ኢቢሴ አላመኗትም፤ በጣሳ ወተት ቀድተው ሰጧት፤ ጠጣች። ከዚያ አዴ ኢቢሴ ወዲያ ወዲህ አይተው ድምፃቸውን ቀነሱ።

«ቆይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ትናንት አልጋ ሥር ስጠርግ ፌስታል አገኘሁ። ለሻኪሶ መንገድ በሶና ያ ሁሉ ውሃ ምን ያደርጋል? ያ ጥቁር ጃኬትስ?»

መሊካ ጣሳውን ያዘች።

«ወንድ አለ?» አሉ አዴ ኢቢሴ። «ሊያስኮበልላት ነው? አንቺ ጓደኛዋ ነሽ፤ ንገሪኝ። አልቆጣም።»

የለም ማለት ይቻላል። የለም ብላ ጣሳውን አስቀምጣ ብትሄድ ውሸት አይሆንም፤ ወንድ የለም። አዴ ኢቢሴም እፎይ ይላሉ፣ ወተታቸውን ሸጠው ወደ ማታ ቤት ይገባሉ፣ አልጋው ሥር ፌስታሉ አይኖርም።

መሊካ አንዱን ባዶ ጀሪካን በጎኑ አስተኝታ ተቀመጠችበት። «አዴ፣ ወንድ አይደለም» አለች። ከዚያም ነገረቻቸው። ዱባይንም፣ ሜጋንም፣ በእግር የሚኬደውንም፣ ከአባቷ የሰማችውንም፣ ራሷ በሹራብና በማስቲካ የሞላችውን ቦርሳም አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። አዴ ኢቢሴ አላቋረጧትም። የአንዱን ጀሪካን ክዳን እየከፈቱ ይዘጋሉ፣ እየከፈቱ ይዘጋሉ።

«ሌንጮ?» አሉ ስትጨርስ። «የወንድሜ ልጅ ሌንጮ?»

«አዎ።»

ተነሱ። ወተታቸውን አጠገባቸው ላለችው ሴት አደራ ሰጡ። ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩና መሊካን ትከሻዋን ያዟት።

«አንቺ ወደ ትምህርትሽ ሂጂ። ስምሽን አልጠራም። ፌስታሉን ራሴ አግኝቼዋለሁ፤ ራሴ ነቃሁ እላታለሁ።»

ትክክል ናቸው፤ ፌስታሉን በእርግጥ ራሳቸው አግኝተውታል። ሲንቄ መቼም አታውቅም። ሰኞ ዴስካቸው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ሲንቄ እናቷ እንዴት እንደያዟት ታወራላታለች፣ መሊካም ገርሟት ትሰማታለች። ይህን ሁሉ አየችው። የገረማት ቀላልነቱ ነው። በዚህ አንድ ሳምንት ሌንጮ ዋሽቷል፣ ሲንቄ ዋሽታለች፣ እሷም ለአባቷ ዋሽታለች፤ አንድ ቢጨመር ማን ይቆጥራል?

«አይ» አለች። «አብሬዎት ነው የምመጣው።»

አዴ ኢቢሴ እጇን ያዟትና በባጃጆቹ መሃል አቋርጠው ሄዱ።

ሲንቄ ቤት ነበረች። ዛሬ ትምህርት ቤት ጭራሽ አልሄደችም። ቦርሳውን አዝላ፣ ጃኬቱን በዚያ ሙቀት ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እናቷን ስታይ ዘልላ ተነሳች። ከኋላቸው መሊካን ስታይ ግን መልሳ ተቀመጠች። ዓይኖቿ መሊካ ላይ ቀሩ። መሊካ ዓይኗን ልትሰብር ፈለገች፤ አልሰበረችም። ገብታ ከአልጋው ትይዩ ያለው ዱካ ላይ ተቀመጠች።

አዴ ኢቢሴ አልጮኹም፣ አልመቱም። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱትና ደፉ ላይ ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን ለልጃቸው፣ ፊታቸውን ለግቢው።

ትምህርት በሚለቀቅበት ሰዓት ከውጪ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ደግሞ ተነፋ። ከዚያ ሌንጮ ራሱ በግቢው በር ገባ፤ አክስቱን ደፉ ላይ ሲያይ እርምጃው ተሰናከለ። ቶሎ ፈገግ አለ።

«ናጋ አዴ?»

ሰላም ነው ወይ ለሚል ሰው ሰላም ነው ማለት ግድ ነው፤ ጠላትም ቢሆን። አዴ ኢቢሴ ግን አልመለሱለትም። ሌንጮ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ፣ አወጣ፣ ወደ ቤቱ ውስጥ አንገቱን አስግጎ ሊያይ ሞከረ። አዴ ኢቢሴ በተቀመጡበት ወደ መሃል ጠጋ ብለው በሩን ሞሉት። «የመኪናው ሰዎች አይጠብቁም» አለ ለማንም ሳይሆን። መልስ ሲያጣ ወጣ። የመኪናው ድምፅ ወደ ሜጋ መንገድ ሲርቅ ሦስቱም ሰሙት።

ሲንቄ ቦርሳውን ከጀርባዋ አላወረደችም። እንባዋ ድምፅ ሳይኖረው ወረደ፤ አልጠረገችውም። እናቷ ሳይዞሩ «ኢንታላኮ» አሉ፣ አንዴ ብቻ። ጃኬቱን አወለቀች።

«ሰኞ አጠገቤ እንዳትቀመጪ» አለች መሊካን ሳታያት።

«እሺ» አለች መሊካ። «ሰኞ አልቀመጥም።»

ዛሬ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።